«አክስቴ ዋስ ልትሆነኝ ነው፤ ልፈርም ወይ?»

ጥያቄ፦ ውድ የዚህ ዓምድ አዘጋጅ፣ እንደምን አሉ? የ19 ዓመት ልጅ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። አባቴ በሕይወት የለም። እናቴ ከፊራ ገበያ ቲማቲምና ሽንኩርት ትሸጣለች። ባለፈው ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና አልፌ አሁን ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን ነኝ። በቅርቡ ዲፓርትመንት እንሞላለን።

እኔ ከልጅነቴ የምወደው እፅዋት ነው። ግቢያችን ውስጥ ያለውን ዘይቱን ከፍሬው አብቅዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ቤት ውስጥ ግን ጭቅጭቅ ነው። ታላቅ ወንድሜ «አቦ ተይን! ባዮሎጂ ተመርቆ ባጃጅ የሚነዳ ጓደኛ አለኝ። ኮምፒውተር ወይ ጤና ግቢ» ይለኛል።

በዚህ መሀል ሜሪላንድ የምትኖረው የእናቴ ታናሽ እህት አንድ ኮሌጅ አስገኘችልኝ። የእፅዋት ባዮሎጂ ዲግሪ ነው። ኮሌጁ ከፊሉን ይሸፍንልኛል። የቀረውን፣ በዓመት ወደ 15,000 ዶላር፣ እኛ ነን የምንከፍለው። አክስቴ «ተበደሪ፣ እኔ ዋስ ሆኜ እፈርማለሁ፤ ተምረሽ ስትሠሪ ትከፍያለሽ» ትላለች። እሷ የምትሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው፤ ሁለት ፈረቃ። እናቴ በደስታ እያለቀሰች ነው። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። እዚህ ብቀርም ኮስት ሼሪንግ (ወጪ መጋራት) አለ፤ እሱም ዕዳ ነው ይሉኛል። ለመሆኑ የእፅዋት ትምህርት ይሄን ሁሉ ዕዳ የሚከፍል ደመወዝ አለው? ምን ላድርግ?

ግራ የገባኝ፣ ከሳቢያን

መልስ፦ ልጄ፣ ብድሩን አትፈርሚ። እፅዋቱን ግን አትተዪ። መልሱን አስቀድሜ የነገርኩሽ እንቅልፍ አጣሁ ስላልሽኝ ነው። ምክንያቱን ደግሞ ቀስ ብለን እንየው።

እኔም ከዚያው ግቢ ነው የተመረቅሁት፣ ፕላንት ሳይንስ። ያኔ አለማያ ነበር የሚባለው። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ማሽላ ነው። የምኖረው ሐረር ነው፤ እንጀራዬ ግን ያለው ማሳ ላይ ነው። ስለዚህ የምነግርሽ ከሰው የሰማሁትን ብቻ አይደለም።

በአክስትሽ እንጀምር። ሁለት ፈረቃ እየሠራች የእህቷን ልጅ ላስተምር የምትል ሴት እግዜር ይስጣት ነው የምትባለው። ግን የምትፈርመው ወረቀት ምን እንደሆነ አንቺም እሷም አጥርታችሁ ልታዩት ይገባል። የአሜሪካ መንግሥት ለተማሪዎች የሚያበድረው ገንዘብ አለ። ገቢ ሲያንስ ክፍያውም የሚቀንስበት መንገድ አለው። ያ ብድር ግን ለዜጎችና ግሪን ካርድ ላላቸው ነው። በተማሪ ቪዛ ለምትገቢው ለአንቺ አይሰጥም። ለአንቺ የሚቀርሽ የግል አበዳሪ ነው። የግል አበዳሪው ደግሞ አንቺን አያውቅሽም። የሚያውቀው አክስትሽን ነው። ዋስ ሆና ስትፈርም ተበዳሪዋ እሷ ሆነች ማለት ነው። አንቺ አንድ ወር ካልከፈልሽ ስልኩ የሚደወለው ለእሷ ነው። የሚበላሸው የእሷ ስም ነው። ነገ ቤት ልግዛ ብትል ይህ ዕዳ በስሟ ተቆጥሮ ይጠብቃታል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። 15,000 በአራት ዓመት 60,000 ዶላር ነው። ወለዱን 10 በመቶ ብለን እንያዝ፤ ያነሰም የበለጠም ሊሆን ይችላል። በአሥር ዓመት ልክፈል ብትዪ በየወሩ 793 ዶላር ገደማ ይመጣብሻል። ጠቅላላው 95,000 ዶላር ያልፋል። ይህ እንግዲህ አራት ዓመት ስትማሪ የሚጠራቀመውን ወለድ ሳልጨምርበት ነው። ወለዱ የሚቆጥረው ገንዘቡ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ነው እንጂ አንቺ እስክትመረቂ አይጠብቅም።

በዚያኛው በኩል ደመወዙን አስቀምጪ። አሜሪካ ውስጥ በእፅዋት ባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ የሚገኘው ሥራ ብዙውን ጊዜ የላብራቶሪ ቴክኒሻንነት፣ የግሪንሃውስ ሥራ ወይም የዘር ኩባንያ ሙከራ ነው። የባዮሎጂ ቴክኒሻን መካከለኛ ደመወዝ በአገሩ መንግሥት መረጃ በዓመት 50,000 ዶላር አካባቢ ነው። በወር ስታካፍዪው ታክስ ሳይቆረጥ 4,100 ዶላር ገደማ ነው። ታክሱ ይወጣል። የቤት ኪራይ ይወጣል። 793ቱ ይወጣል። ለእናትሽ ልላክ ያልሽው ከየት ይመጣል? ከባድ ነው፤ ግን እስከዚህ ድረስ ሰው ተጨናንቆም ቢሆን ይኖረዋል።

የሚያስፈራኝ ቀጥሎ ያለው ነው። በተማሪ ቪዛ የተመረቀ ሰው በሙያው እንዲሠራ የሚፈቀድለት ለ12 ወር ነው። ሳይንስ ለተማረ 24 ወር ይጨመርለታል። ከሦስት ዓመቱ በኋላ ቀጣሪ ሊያስቀርሽ ካልፈለገ ወይም የሥራ ቪዛው ዕጣ ካልወጣልሽ ትመለሻለሽ። ዕዳው ግን በዶላር እንደሆነ ይቆያል። ድሬዳዋ ተመልሰሽ ሥራ ያዝሽ እንበል። አንድ ዶላር 150 ብር ነው ብለን ብናሰላ 793 ዶላር ማለት በየወሩ 119,000 ብር ነው። እዚህ አገር ጀማሪ ምሩቅ በዓመት እንኳ ከዚህ ብዙም የራቀ ደመወዝ አያገኝም። ያን ጊዜ የሚከፍለው ማን ነው? አክስትሽ፣ በሦስተኛ ፈረቃ።

ኮሌጁ ሙሉውን ሸፍኖልሽ ቢሆን ኖሮ ሻንጣሽን አዘጋጂ ነበር የምልሽ። እኔ የማልፈልገው አሜሪካን አይደለም፤ ብድሩን ነው። አሜሪካ ደግሞ ሌላ በር አላት። እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ኮስት ሼሪንግ። ብዙ ተማሪ የሚፈርመውን ሳያነብ ነው የሚፈርመው፤ አንቺ አንብቢው። ወጪ መጋራት የተጀመረው በ1996 ዓ.ም. ነው። ቅጹ ላይ ምግብ፣ መኝታና የትምህርት ወጪ አሉ። የምግቡና የመኝታው ሙሉ በሙሉ በአንቺ ላይ ይቆጠራል። የትምህርቱ ግን ከፊሉ ብቻ ነው፤ ሕጉ ሲወጣ 15 በመቶ ተብሎ ነው የጀመረው። በየዓመቱ የምትፈርሚውን ቅጂ ያዢ፤ ፎቶ አንስተሽም ቢሆን አስቀምጪ። ያልተጠቀምሽበት አገልግሎት ተሞልቶብሽ እንደሆነ ሳትፈርሚ ጠይቂ። ከተመረቅሽ በኋላ «እኔ ካፌ አልበላሁም ነበር» ብትዪ ሰሚ የለም።

እስቲ የመጀመሪያ ደመወዝሽን አብረን እንየው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የዲግሪ ምሩቅ የመንግሥት መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ነው። የገቢ ግብሩ 2,100 ብር ይወጣል። ጡረታው 7 በመቶ ነው፣ 805 ብር። 8,595 ብር ይቀርሻል። ኮስት ሼሪንግ ከደመወዙ 10 በመቶ ቢቆረጥ 1,150 ብር ነው። እጅሽ ላይ የሚደርሰው 7,445 ብር ይሆናል። በዚህ ድሬዳዋ ላይ ቤት ተከራይቶ መኖር ከባድ እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም። እናትሽ ቤት ሆነሽ ግን የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ትገፊዋለሽ። የአራት ዓመቱ ድምር 60,000 ብር ወጣ እንበል፣ ለምሳሌ ያህል ነው፤ በወር 1,150 ስትከፍዪ ከአራት ዓመት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ትጨርሺዋለሽ። ከዚያኛው ጋር ስታስተያዪው ይኼ ዕዳው ገብስ ነው። የሚቆረጠው ደመወዝ ሲኖርሽ ነው። የእናትሽን በር የሚያንኳኳ አበዳሪም የለም።

አንድ ነገር ግን ልብ በዪ፤ ብዙ ልጆች ሲንገላቱበት ያየሁት ነው። ኮስት ሼሪንግሽን ከፍለሽ ካልጨረስሽ ኦሪጅናል ዲግሪሽና ኦፊሻል ትራንስክሪፕትሽ አይለቀቁም። በቴምፖ፣ ማለትም በጊዜያዊው ዲግሪ፣ አገር ውስጥ ሥራ ትገቢያለሽ። ውጭ አገር ስኮላርሺፕ ስታመለክቺ ግን ትራንስክሪፕቱ በዩኒቨርሲቲው ማኅተም ይፈለጋል። ጎበዝ ልጅ፣ ነጥብ ያላት፣ ፕሮፌሰር ተቀብሏት ሳለ ይህችን ወረቀት ማውጣት አቅቷት ቀነ ገደቡ ሲያልፍባት አይቻለሁ።

እንግዲህ የአክስትሽ ደግነት የሚያስፈልግሽ እዚህ ላይ ነው። በምሳሌ የያዝነው 60,000 ብር በዚያው ምንዛሬ 400 ዶላር ነው። የ60,000 ዶላር ዋስ ከምትሆንሽ በተመረቅሽ ዓመት 400 ዶላር ትላክልሽ። ዕዳሽን በአንድ ቀን ትዘጊያለሽ፣ ወረቀትሽን ይዘሽ ትወጫለሽ። ወላጅ ሆኜ ብጠየቅ የምመልሰው ይህንኑ ነው።

ወንድምሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ባዮሎጂ ተመርቆ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ በእውነት አለ፤ እኔም አውቃለሁ። ሠርቶ መብላት ክብር ነው፤ ነገር ግን አራት ዓመት የተማረው ለዚያ እንዳልነበር ግልጽ ነው። ምክንያቱ እፅዋት ሥራ ስለሌለው አይደለም። ነገሩ ያለው የሥራ ማስታወቂያው ላይ ነው። ዛሬ ማታ ቴሌግራም ላይ የሥራ ማስታወቂያ የሚያወጡ ቻናሎችን ክፈቺና የግብርናና የምርምር ቦታዎችን አንብቢ። «ተፈላጊ ችሎታ» ከሚለው ሥር ምን ተጽፏል? ፕላንት ሳይንስ፣ አግሮኖሚ፣ ሆርቲካልቸር፣ የዘር ሳይንስ። «ባዮሎጂ» የሚለውን ብዙ ጊዜ አታገኚውም። ባዮሎጂ በአብዛኛው የሚጠራው ለማስተማር ነው። ሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር ደግሞ ከዲግሪው ላይ የማስተማር ድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ይፈለጋል። ያንቺ ፍላጎት ማስተማር ከሆነ እሰየው፣ መልካም ሙያ ነው። ከእፅዋት ጋር መዋል ከሆነ ግን ቅጹ ላይ የምትሞዪው አንድ መስመር የወደፊት እንጀራሽን ይወስነዋል።

ስለዚህ ምክሬ ፕላንት ሳይንስ ወይም ሆርቲካልቸር ነው። የእፅዋት ባዮሎጂው የት ይሄዳል ትዪኝ ይሆናል። የትም አይሄድም። የእፅዋት ፊዚዮሎጂ፣ ጄኔቲክስ፣ የተክል ማዳቀል፣ የእፅዋት በሽታ፣ ሁሉም እዚያው ውስጥ አሉ። የመመረቂያ ጥናትሽን ላብራቶሪ ውስጥ አድርጊው። ቲሹ ካልቸር (ተክልን ከትንሽ ቁራጩ ላብራቶሪ ውስጥ ማባዛት) ካለ እዚያ ግቢ። በኋላ ማስተርስ ላይ ወደ ባዮሎጂው ጠልቀሽ መሄድ ትችያለሽ፤ ከባዮሎጂ ወደ ግብርና ምርምር መሻገር ግን ይከብዳል።

ኮምፒውተር ግቢ ማለቱም ግማሹ እውነት ነው። አር የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ነፃ ነው። የመሬት ካርታ የሚሠራው ኪውጂአይኤስም ነፃ ነው። እነዚህን ሁለቱን የሚያውቅ የፕላንት ሳይንስ ምሩቅ ማንኛውም የምርምር ማዕከል ይፈልገዋል፤ የማሳውን መረጃ ሰብስቦ ራሱ የሚተነትን ሰው ብዙ ስለሌለ። ጤና ስለሚለው ብዙ አልልም። የጤና ምሩቃንም ሥራ ፍለጋ ሲንከራተቱ እያየን ነው፤ ሳትወጂው የምትገቢበት ሙያ ደግሞ አይደለም።

ሥራው የት አለ? እዚሁ አካባቢሽ ልቁጠርልሽ። ሐረማያ ራሱ ትልቅ ቀጣሪ ነው። የፈዲስ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሐረር ላይ ማዕከል አለው። የወረዳና የከተማ ግብርና ቢሮዎች አሉ። ወጣ ካልሽ የአበባና የአትክልት እርሻዎች ባቱና ቢሾፍቱ አካባቢ አሉ፤ ሥራው አድካሚ ነው፣ ግን እጅሽ ይፈታል። መያዶችን (መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶችን) በተመለከተ ሳልሸሽግ ልንገርሽ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካው ተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ሲዘጋ ሐረርጌ ውስጥ በፕሮጀክት ይሠሩ የነበሩ ብዙ ባለሙያዎች ቤታቸው ገብተዋል። በፊት «ከመንግሥት ደመወዝ ወደ መያድ መሸጋገር» የሚባለው ተስፋ ዛሬ ያንን ያህል አይታመንበትም።

እኔ ግን ከደመወዙ ይልቅ ዓይኔን የምጥለው ሐረማያና ኮምቦልቻ አካባቢ ባለው አትክልት ላይ ነው። ድንቹ፣ ሽንኩርቱ፣ ጎመኑ ተጭኖ ጂቡቲና ሶማሌላንድ ድረስ ይሄዳል። ያ ሁሉ አትክልት ጤነኛ ዘርና ችግኝ ይፈልጋል። እናትሽን አንድ ነገር ጠይቂያት። ቲማቲም ስትለይ ከእጀታው ሥር ትንሽ ቀዳዳ ያለበትን ለብቻው ታደርገዋለች። ስትከፍተው ውስጡ የጠቆረ መስመር አለ፤ አንዳንዴም ትሉ ራሱ። ቱታ አብሶሉታ ይባላል። የደቡብ አሜሪካ ተባይ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። እናትሽ በየሳምንቱ ስንት ኪሎ እንደምትጥልበት ከአንቺም ከእኔም የበለጠ ታውቃለች። ገበሬው ደጋግሞ መድኃኒት ይረጫል፤ ትሉ ግን ቅጠሉ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚኖር አይደርሰውም። ይህንን በመረብ ቤት ችግኝ፣ በወጥመድና በወቅቱ በመቆጣጠር ማስተካከል የሚችል ሰው ኮምቦልቻ ላይ ደንበኛ አያጣም። የገበያው ዋጋ የሚታወቅበት ቤት ውስጥ ነው ያደግሽው። ይህ ዝም ብሎ የሚታለፍ ሀብት አይደለም።

አሁን የማሽላውን ላውጋሽ፤ ካልነገርኩሽ አይወጣልኝም።

በክረምቱ ማብቂያ አቀንጭራ የሚባለው ጥገኛ አረም የገባበት የማሽላ ማሳ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ከማሽላው እግር ሥር ሐምራዊ አበባ ምንጣፍ መስሎ ተዘርግቷል። ቀረብ ስትዪ ማሽላው ውሃ ያጣ ይመስላል፤ ቅጠሉ ተጠቅልሏል፣ አንገቱን ደፍቷል። አፈሩ ግን እርጥብ ነው። ዘሩን ጣትሽ ላይ ብታደርጊው አቧራ ነው የሚመስለው። አንዷ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትጥላለች፤ ያ ዘር አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ተኝቶ ይጠብቃል። የሚጠብቀው ደግሞ አንድ ምልክት ነው። የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል አለ። አቀንጭራው ያን ሲያገኝ ብቻ ይነቃል፣ ሥሩ ላይ ይጣበቃል፣ ይጠባዋል። ገበሬው አረሙን የሚያየው ጉዳቱ ካለቀ በኋላ ነው።

ይህን ቋጠሮ ከፈቱት ሰዎች አንዱ አንቺ ከምትማሪበት ግቢ የወጣ ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ከአለማያ በፕላንት ሳይንስ የተመረቁት እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ማስተርሳቸውንና ዶክትሬታቸውን አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሠሩ። ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ሥሩ ያን ምልክት በብዛት የማያወጣ የማሽላ ዝርያ አገኙ። ምልክቱ ከሌለ አቀንጭራው ተኝቶ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ይህን የምነግርሽ ሁሉም ሰው ገቢሳ ይሆናል ብዬ አይደለም። መንገዱን እዪው ብዬ ነው። የመጀመሪያው ዲግሪ እዚሁ፣ የሚቀጥለው እዚያ።

አሜሪካ ሌላ በር አላት ያልኩሽም ይኼው ነው። በእፅዋት ሳይንስ ዶክትሬት የሚማር ሰው አሜሪካ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ራሱ አይከፍልም። የምርምር ወይም የማስተማር ረዳት ሆኖ ይቀጠራል። የትምህርት ክፍያው ይነሳለታል፤ ለኑሮውም በየወሩ ገንዘብ ይከፈለዋል። ማስተርስ ላይም በምርምር ረዳትነት እንዲህ ያለ ዕድል ይገኛል፤ ቁጥሩ ግን ያነሰ ነው። እንግዲህ ተመልከቺ፤ በመጀመሪያ ዲግሪ ዕዳ የሚያሸክምሽ አገር በሦስተኛው ዲግሪ ደመወዝ ይከፍልሻል። ለምን ቸኩለሽ ውዱን ትገዢያለሽ?

ጀርመንን ብትመርጪ ዳአድ የሚባለው ድርጅት ለልማት ነክ ትምህርቶች ስኮላርሺፕ ይሰጣል። ሩቅ መሄድ ካልፈለግሽ ሐረማያ ራሱ በአየር ንብረትና በብዝኃ ሕይወት ላይ የሚሠራ የአፍሪካ የልህቀት ማዕከል አለው፤ ከተለያዩ የአፍሪካ አገሮች ተማሪ ተቀብሎ በማስተርስና በዶክትሬት ያስተምራል። የደንገጎን ዳገት መውጣት ብቻ ነው የሚጠበቅብሽ።

ለዚህ ሁሉ የሚጠየቅሽ ግን ነጥብ ነው። ከ3.0 በታች ከወረድሽ አብዛኛው በር ይዘጋል፤ 3.5 እና ከዚያ በላይ ይዘሽ ብትወጪ ግን ኢሜይልሽን የሚያነብ ፕሮፌሰር ታገኚያለሽ። የመውጫ ፈተናውም አለ፤ 50 በመቶ ካላመጣሽ ዲግሪው ራሱ የለም። ከመቶ ተፈታኝ አሥሩ እንኳ በማያልፍበት የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለፍሽ ልጅ ስለሆንሽ አልሰጋልሽም። ከአሁኑ ግን አንድ መምህር ፈልጊ። ማሳ ላይ ሙከራ ያለው፣ ዝናብም ፀሐይም ቢሆን የሚወጣ መምህር። ቅዳሜ ቅዳሜ «ልርዳዎት» በዪ። ቁመት መለካት፣ አበባ መቁጠር፣ ከረጢት ላይ ቁጥር መጻፍ ነው የሚሰጡሽ። ይሰለቻል። ግን ከአራት ዓመት በኋላ የድጋፍ ደብዳቤሽን የሚጽፈው እሱ ነው፤ ፊትሽን የማያውቅ መምህር የሚጽፈው ደብዳቤ ያስታውቃል።

ፍሬሽማን ላይ ሆነሽ ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት ወደ ፕላንት ሳይንስ ቢሮ ሄደሽ ያለፈው ዓመት ተመራቂዎች የት የት እንደገቡ ጠይቂ። ካልነገሩሽ አራተኛ ዓመት ተማሪዎችን ያዢና የታላላቆቻቸውን ጠይቂ። የባዮሎጂንም፣ የሆርቲካልቸርንም እንዲሁ። ወንድምሽ ከአንድ ጓደኛው ተነስቶ ነው የፈረደው። አንቺ አሥራ አምስትና ሃያ ሰው ጠይቀሽ ወስኚ።

ለአክስትሽ ደግሞ ስልክ ደውዪላት፤ በመልእክት አትጻፊው። እናትሽም አጠገብሽ ትሁን። እንቢታ እንዳይመስላት መጀመሪያ የምትፈልጊውን ንገሪያት። አሁን አንድ ላፕቶፕ፣ ያገለገለም ይሁን። ሦስተኛ ዓመት ላይ የእንግሊዝኛ ፈተናው ክፍያ፣ ቶፍልም ሆነ አይልትስ። ስትመረቂ ኮስት ሼሪንጉ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከአንድ ዓመቱ 15,000 ዶላር ትንሿ ክፍል ነው። እሷም ባለዕዳ አትሆንም። ፐርዱም ሆነ ሌላ ቦታ በራስሽ የምርምር ደመወዝ ስትሄጂ ሜሪላንድ ላይ የምትቀበልሽ ፈረቃዋን ቀንሳ ይሆናል።

እናትሽ ሊከፋት ይችላል። አሜሪካ ቀረ ብላ ታስብ ይሆናል። ሒሳቡን በብር ጽፈሽ አሳዪያት፤ 119,000 በየወሩ። ከፊራ ስትነግድ የኖረች ሴት ይህን ቁጥር ማንም ሳያስረዳት ይገባታል።

ዲፓርትመንቱን ሞልተሽ ስትጨርሺ ጻፊልኝ። ለፕሮፌሰሮች ኢሜይል እንዴት እንደሚጻፍ ያኔ በሰፊው እናወራለን።